የሙሽራዋ ግራ ጉንጭ

በጥር ወር ሰው አልወድም። ሌላውን አሥራ ሁለት ወር፣ ጳጉሜንን ጨምሮ፣ ደኅና ሰው ነኝ፤ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ቀልድም ይገባኛል። ጥር ሲመጣ ግን የአቃቂ ወጣት በሙሉ ካላገባሁ ብሎ ይነሳል። ሚዜው በክርኑ ይደቁሰኛል፣ አክስትየዋ ካሜራዬ ፊት ቆማ እልል ትላለች፣ አጎትየው ደግሞ «እኔን ለብቻዬ ሳታነሳ የትም አትሄዳትም» ብሎ ክንዴን ጠምዝዞ ይይዛል። የሰው ደስታ ሲበዛ ያደክማል። ስለዚህ ያቺ ልጅ በኅዳር ማለቂያ ፎቶ ቤቴ ገብታ «ጥር ላይ ላገባ ነው» ስትለኝ ከወዲሁ ፊቴን አጠቆርኩባት።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ፎቶ ቤቴ አቃቂ በሰቃ፣ በአንድ ብየዳ ቤትና በአንድ የስልጤ ሰው ሱቅ መሃል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ነበረች። ከኋላዋ ፎቶ የማጥብባት፣ ሁለት ሰው ከገባ ትንፋሽ የሚያጥርባት ጨለማ ክፍል አለች። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ባለቀለም ፎቶ ዞሮ ነበር። ባለቀለሙ መሃል ከተማ ተልኮ በማሽን ታጥቦ ይመጣል። ጥቁርና ነጭ በገዛ እጁ የሚያጥብ በሰፈራችን እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር፤ እሱንም ከእልህ የተነሳ።

ልጅቷ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ከግራ ዓይኗ ሥር ጀምሮ እስከ መንጋጋዋ የሚወርድ፣ ከቆዳዋ ጠቆር ያለ የቃጠሎ ጠባሳ አለባት። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የማየው እንዲህ ያለውን ነገር ነው፤ የሥራ አባዜ ነው። ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ አሮጌ ፎቶ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

የእናትና የአባቷ የሰርግ ፎቶ ነው። የተነሳውም እዚያችው ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ በፊት የቤቱ ባለቤት በነበረው፣ ሙያውን ባስተማረኝ ሰው እጅ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ሙሽሪት አፍሮ ጠጉሯ ላይ አጭር ዓይነ እርግብ ደፍታለች፤ እስከ ክርኗ የሚደርስ ነጭ ጓንት አጥልቃለች። ሙሽራው ቀጭን ክራባት አስሮ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። ከጀርባቸው በበረዶ የተሸፈነ ተራራ አለ። ተራራውን አስተማሪዬ ከብስኩት ቆርቆሮ ላይ አይቶ አቡጀዴ ላይ የሳለው ነው። እሱ በዕድሜው በረዶ የሚያውቀው ክረምት ላይ ጣሪያ ሲደበድብ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም የአቃቂ ሰው ግማሹ እዚያ ተራራ ሥር ቆሞ አግብቷል።

«እንደዚህ ነው የምፈልገው ጋሼ» አለችኝ። «ጥቁርና ነጭ። ቬሎው የእናቴ ነው፣ እስካሁን አለ፤ ጓንቱም አለ። እጮኛዬ የአባዬን ክራባት ያደርጋል። ተራራውም፣ በረዶውም ይኑር።»

«ተራራውን አይጥ በልቶታል።»

«እየቀለድክብኝ ነው?»

አልቀለድኩም። ጣሪያው አፍስሶ መጋረጃው ሻግቶ፣ የቀረውን አይጥ ጎጆ ሠርቶበት ጥዬዋለሁ። ደግሞም ተናድጄ ነበር። እኔ ጥቁርና ነጭ ይዤ ስቀር ስቆብኝ ያለፈ ሰፈር ዛሬ ለጌጥ ብሎ ይመጣብኛል ብዬ። «እናትሽ እኮ» አልኳት፣ «ባለቀለም ቢኖር ኖሮ በባለቀለም ነበር የምትነሳው። ይሄ ምን የሚሉት ፋሽን ነው?»

«ፋሽን አይደለም» አለች። ድምጿን ከፍም ዝቅም አላደረገችውም። «አባዬ ዓይኑ ሊጠፋ ነው።»

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የአባቷ ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙንም የዓይን ግፊት ከዳር ከዳር እየበላ፣ የቀረው መሃሉ ላይ ያለ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና እናድርግ ብለዋል፤ ያቺን ቀዳዳ ሊያተርፏትም ይችላሉ፣ ሊዘጓትም ይችላሉ። ሽማግሌው ግን «ልጄን ሙሽራ ሆና ሳላያት ማንም ዓይኔን አይነካም» ብለው ቀጠሮውን አስገፉት። ሰርጉ እሑድ ነው። መልሱ፣ ረቡዕ ጾም ስለሆነ፣ ለሐሙስ ተቆርጧል። ዓርብ ጠዋት ሆስፒታል ይገባሉ። እኔ የማነሳውን ፎቶ ማየት ያለባቸው እስከ ሐሙስ ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ ነው ማለት ነው።

«ሰርጉ ላይ እዚያው አጠገብሽ አይደሉም እንዴ? ያዩሽ የለም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እሱን አባዬ ራሱ ይንገርህ» አለችና በማግስቱ ይዛኝ ሄደች።

ቤታቸው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተችባቸው ሃያ ዓመት አልፏል፣ ሌላም አላገቡም፣ ይህችን አንድ ልጅ ብቻቸውን አሳድገዋል። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ያንን የሰርግ ፎቶ ከልጃቸው ተቀብለው፣ ወደ ቀኝ ዓይናቸው ሁለት ጣት እስኪቀረው ድረስ አስጠጉት። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይሆን ፎቶውን ያንቀሳቅሱት ጀመር።

«አየህ ልጄ፣ እኔ የማየው በቁልፍ ቀዳዳ ነው» አሉኝ። «ሰው ቆሞ ከጠበቀኝ ቁራሽ በቁራሽ እደርስበታለሁ። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያመልጠኛል። ሰርግ ላይ ደግሞ የማይንቀሳቀስ የለም፤ ድስቱ ሳይቀር ይንቀሳቀሳል። ፎቶ ግን የትም አይሄድ፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ይኸው አሁን ጫማዋ ላይ ነኝ።»

«ባለቀለም ቢሆንስ ጋሼ?»

«ባለቀለሙ ድብልቅልቅ ይልብኛል። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩም ነጭ ሲሆን መንገዱን አውቀዋለሁ። ይሄን ፎቶ ሠላሳ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ልጄም እንደዚህ ሆና ከቆመችልኝ አልጠፋባትም።»

አንጀቴን በሉት። ኅዳር ላይ ስለነበርን ገና ሰው እወዳለሁ። «ተራራውን እኔ አመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ፤ ከየት እንደማመጣ ግን አላውቅም ነበር።

ቦታውን የነገረኝ ሙሽራው ነው። በሰቃ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ከግሪስ ነጽተው የማያውቁ ልጅ። «የረር አለ አይደል?» አለኝ ሽቦ እየላጠ። «ጥር ላይ ሲነጋጋ ከላይ ውርጭ ይጥላል። ሣሩ ነጭ ነው የሚሆነው። በእኔ ፒክአፕ እንሄዳለን።» በየቀኑ ከደጃፌ ሆኜ የማየውን ተራራ ረስቼ የብስኩት ቆርቆሮ ስፈልግ ከርሜያለሁ።

ሰርጉ እሑድ እንደሰርግ ሁሉ አለፈ፤ ተገፋሁ፣ ተረገጥኩ፣ ባለቀለም ፊልሜን ለአክስቶች ጨረስኩ። ሽማግሌው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ጉልበታቸውን ስትስም ራሷን ዳስሰው መረቁ። ዓይናቸው ግን እሷ ቀድማ በነበረችበት ቦታ ላይ ቀርቶ ነበር። ያኔ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ሦስታችን በፒክአፑ ወጣን። ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ሁሉ ያኔ ማሳ ነበር፤ ጤፉ ታጭዶ ገለባው በየአውድማው ተቆልሏል። መኪናው እስከቻለበት ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ሙሽሪት ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ከላይ ጋቢ ደርባ፣ ከታች የባሏን ቦቲ ተጫምታ ትወጣለች። ነጩን ጫማ እኔ ነኝ የያዝኩት። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጠጉሯን ለአፍሮ ብላ ለሁለት ወር ካውያ ሳታስነካ አሳድጋዋለች፤ ጤዛው እላዩ ላይ ቀርቶ ያብለጨልጫል። የእናቷ ቬሎ ዳንቴሉ እንደ ቅቤ ቢጫ ብሏል፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን ያ አይታይም፣ ነጭ ነው የሚሆነው።

ሙሽራውም አላጋነነም። ከላይ ስንደርስ ሣሩ በሙሉ ነጭ ነበር። ቋጥኙም፣ የደረቀው እሾህም፣ ሁሉም ነጭ ለብሷል። ከታች አቃቂ ገና በጭስና በጉም ውስጥ ተኝታለች፤ የፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫ ብቻ ብቅ ብቅ ብሏል። ፀሐይዋ ስትወጣ ያ ውርጭ ግማሽ ሰዓት እንኳ እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ስቸኩል ጠባዬ ከፋ።

«ዓይነ እርግቡን መልሺው። አንተ፣ ትከሻህን አውርደው፣ ባትሪ የተሸከምክ ነው የምትመስለው። አትንቀጥቀጥ!»

«ብርድ ነው ጋሼ» አለ ሙሽራው ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«በረዶ ላይ ነህ፤ ታዲያ ምን ጠብቀህ ነበር?»

ከሙሽሪት ጋር ግን በሌላ ነገር ተጣላን። ጠባሳዋ እንዳይጎላ ፊቷን ወደ ጎን አዞርኩት። ቀስ ብላ መለሰችው። አሁንም አዞርኩት፤ አሁንም መለሰችው። ግራ ጉንጯን ለካሜራው ሙሉ በሙሉ ትሰጠዋለች።

«እህቴ፣ ያኛው ጎንሽ ነው የሚያምረው።»

«ይሄኛው ይሻለኛል ጋሼ።»

«ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ጉንጯን ወደ ካሜራው እንዳዞረች ቀረች። እኔም ጊዜ ስላልነበረኝ እንደቆመች አነሳኋት፤ በልቤ ግን «ግድ የለሽም፣ ቤት ስገባ አስተካክለዋለሁ» እያልኩ ነበር። ሁለት ፊልም፣ ሃያ አራት ፎቶ አነሳሁ። ሃያ አራተኛው ላይ ስደርስ ውርጩ ቀልጦ የሙሽራው ሱሪ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሙያችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የድሮ ፎቶ አንሺ ፎቶውን ከማተሙ በፊት ኔጋቲቩን ያጸዳል። ኔጋቲቩን መስታወት ላይ አስቀምጦ፣ ጫፉ እንደ መርፌ በተሳለ እርሳስ ፊት ላይ ያለውን ሁሉ ነጥብ በነጥብ ይሸፍናል። ብጉር ይጠፋል፣ ሽብሽብ ይጠፋል፣ ያንገት ንቅሳት ይጠፋል፣ የግንባር መስቀልም ቢሆን ባለቤቷ ካፈረችበት ይጠፋል። አስተማሪዬ «ሰው ጠባሳውን በነፃ በመስታወት ያየዋል፤ እኛ ጋ የሚመጣው ፊቱን ሊያይ ነው» ይል ነበር። ማንንም አንጠይቅም፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። የአቃቂን ሰው በሙሉ እንዲሁ ስናጸዳ ነው የኖርነው።

ማክሰኞንና ረቡዕን በዚያች ልጅ ጉንጭ ላይ ዋልኩ። አንዱን ፎቶ መርጬ ነበር፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ቆመው፣ የረር በነጭ ከኋላቸው ተዘርግቶ፣ የፀሐይዋ የመጀመሪያ ጨረር ከጎን ገብቶ። በሕይወቴ ያን የመሰለ አንስቼ አላውቅም። ጠባሳውን ከላይ ወደ ታች በእርሳሴ ለቅሜ ጨረስኩት። ረቡዕ ማታ በትልቁ አትሜ ግድግዳ ላይ ስሰቅለው ጉንጯ እንደ እንቁላል ለስልሶ ነበር። ኩራት ተሰማኝ። አስተማሪዬ ቢያይልኝ ብዬም ተመኘሁ።

ሐሙስ ለመልሱ ፎቶውን በቡናማ ወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩ። ዳሱ ሞልቷል። ሙሽራና ሙሽሪት በወርቅ ዘቦ የተጠለፈ ካባ ደርበው ተቀምጠዋል። ከምሳ በኋላ ሽማግሌው «በሉ አምጡልኝ» አሉና በርጩማቸውን ይዘው ከዳሱ ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሰዉም ተከትሎ ዙሪያውን ቆመ። እኔ ፎቶውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ሁለት ጣት እስኪቀረው ድረስ አስጠጉት።

«ሣሩ ነጭ ነው» አሉ። «እውነተኛ ነጭ። ይሄ ደግሞ... ጫማዋ። ይሄ የእናቷ ቬሎ። ዳንቴሉ ይኸው።» ፎቶው በእጃቸው ላይ ወደ ታች እየተንሸራተተ፣ እሳቸው በእሱ ላይ ወደ ላይ ይወጣሉ። «ጓንቱ። ክራባቴን አየሁት፣ አጣመምከው አንተ ልጅ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ወደ ፊቷ ደረሱ። ቆሙ። ፎቶውን ወደ ግራ ወሰዱት፣ ወደ ቀኝ መለሱት፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ አወረዱት። እንደገና ከላይ ጀመሩ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ልጄን አላገኘኋትም» አሉ።

«ይቺው እኮ ናት ጋሼ» አልኳቸው፤ እጄን ልጠቁም ዘርግቼ የት እንደምጠቁምላቸው ጠፋኝ።

«አንዲት ቆንጆ ሴት አለች። የእናቷን ልብስ ለብሳለች። ማን እንደሆነች አላወቅኋትም።»

ሙሽሪት ከአባቷ ትከሻ በላይ ጎንበስ ብላ ፎቶውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ» አለች፣ «ጠባሳዬን ምን አደረግከው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንድ አክስት «ውይ፣ አስተካክሎልሽ እኮ ነው፣ እንዴት ያምራል!» አለች። እኔም እንደዚያ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«አምስት ዓመቷ ነበር» አሉ ለማንም ሳይሆን። «እናቷ ከተቀበረች በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ብቻ የዋልንበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ሽሮ እሠራለሁ ብዬ ድስት ጣድኩ። ሽሮ ሲፈላ እንደሚተፋ ማን ነገረኝ? እሷ በጉልበቴ መሃል ቆማ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያቺን ጉንጭ እያየሁ ነው ያሳደግኋት። አሁን ደግሞ ቀዳዳዬ ጠባብ ናት፤ ሙሉ ፊት አትይዝልኝም። ዓይን ያው ዓይን ነው፣ አፍንጫም የማንም አፍንጫ ነው። ጉንጯ ላይ ስደርስ ነው ልጄ መሆኗን የማውቀው።»

ሊያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው። ያቺ ልጅ ተራራ ላይ ፊቷን ደጋግማ ስትመልስብኝ ለምን አልጠየቅኋትም? ግትርነቷን አየሁ እንጂ ምክንያቷን አላየሁም። ሰዓቴን ተመለከትኩ፤ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ፀሐይ ግቢው ውስጥ እስከ አሥራ አንድ ብትቆይ ነው።

«እርሳስ ነው ጋሼ፣ ይለቃል» አልኳቸው። «ከዚህ አይነሱ። መጣሁ።»

ሮጬ ፎቶ ቤቴ ስደርስ መብራት የለም። ጎረቤቴ የስልጤው ባለሱቅ «ከጠዋት ጀምሮ ነው፤ እስከ ማታ አይመጣም አሉ» አለኝ። ኔጋቲቩን ማጽዳት በፀሐይ ብርሃን ይቻላል፤ አሳድጎ የሚያትመው ማጉሊያ ግን አምፖሉ ካልበራ አይሠራም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጥቶ ነበር።

በዚህ መሃል የሰዉ ጫጫታ ሰምቼ ቀና ስል፣ ሙሽራው የወርቅ ካባውን እንደለበሰ ከፒክአፑ ዘሎ ወረደ። በመልሱ ቀን የአማቱን ቤት ጥሎ የወጣ ሙሽራ አቃቂ አይታ አታውቅም፤ ልጆች ይከተሉታል፣ ብየዳ ቤቱ ሥራ አቁሞ ያየዋል። «መብራት እንደሌለ መንገድ ላይ ሰማሁ» አለኝ። «ማጉሊያህ ስንት ቮልት ነው? ተወው፣ አሳየኝ።»

እኔ ኔጋቲቩን መስኮት ላይ አስጠግቼ፣ ቀለም ቀቢዎች ቀለም በሚያቀጥኑበት አኳራጅ ጥጥ ነክሬ፣ የሁለት ቀን ሥራዬን መጥረግ ጀመርኩ።  አጥብቄ ብፈትገው ፎቶውም አብሮ ያልቃል። እሱ ደግሞ የመኪናውን ባትሪ ነቅሎ፣ ካባውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ ተሸክሞ ገባ። የፊት መብራቱን አምፖል ፈትቶ ማጉሊያዬ ጭንቅላት ውስጥ በሽቦ አሰረው። ከዚያ ተመልሶ ወጥቶ የፍሬን መብራቱን ከነቀይ ሽፋኑ አመጣና ከጣሪያው ላይ አንጠለጠለው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን የማያበላሸው ቀይ ብርሃን ብቻ መሆኑን እንዴት አወቀ? «አንዴ ጉርድ ፎቶ ልነሳ መጥቼ በሩ ክፍት ነበር» አለ። የመኪና መብራት እንደኔ አምፖል አይደለም፤ ስንት ሴኮንድ እንደሚበቃው ስለማላውቅ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። አንዱ ከሰለ፣ አንዱ ገረጣ፣ አንዱ ተንቀሳቅሶ ደበዘዘ። ሙሽራው በዚያ ቀይ ብርሃን ውስጥ ላቡ እየወረደ ባትሪውን ይዞ ቆሟል።

አራተኛው መጣ። ኬሚካሉ ውስጥ መጀመሪያ ጠጉሯ፣ ቀጥሎ ክራባቱ፣ ቀጥሎ ከዓይኗ ሥር አንዲት ጥላ ብቅ አለች። ወደ መንጋጋዋ እየወረደች ሄደች። በሙያ ዘመኔ ጠባሳ ስትወጣልኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይቺው» አለ ሙሽራው በሹክሹክታ።

ፎቶው እስኪደርቅ የምንጠብቅበት ጊዜ አልነበረንም። ከመስኮቱ አንድ መስታወት ነቅለን፣ እርጥቡን እላዩ ላይ ለጥፈን ወጣን። እሱ ባትሪውን መልሶ አስሮ መኪናውን ነዳ፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ መስታወቱን በሁለት እጄ አቅፌ፣ በየጉድጓዱ የታቦት ስም እየጠራሁ ደረስን። ፀሐይዋ ግቢው ውስጥ ገና ነበረች፤ ሽማግሌውን ግን ከነበርጩማቸው ሁለት ጊዜ ከጥላው አሽሽተዋቸው አጥሩ ሥር ደርሰዋል።

 መስታወቱን ከእነፎቶው ያዝኩላቸው፤ ውሃው በክርኔ ይወርዳል። እሳቸው ከሣሩ አልጀመሩም፣ ከጫማውም አልጀመሩም። ቀጥታ ወደ ላይ ሄዱ። ፈለጉ። ቆሙ። ትንፋሻቸው መስታወቱ ላይ ጉም ሠራ።

«እ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ።

ሙሽሪት አጠገባቸው ተንበርክካ ነበር። ራሷን ጉልበታቸው ላይ ደፋች። እሳቸው ግን እሷን አልተመለከቷትም፤ የምታለቅሰዋ ትንቀሳቀሳለች፣ ፎቶዋ ቆማለች። ለረጅም ጊዜ እዚያች ጉንጭ ላይ ቆዩ። ከዚያ ወደ ግንባሯ ወጡ፣ ወደ አፏ ወረዱ፣ አሁን የማን ግንባርና የማን አፍ እንደሆነ ያውቃሉ። ዳር ዳሩን ጥላው እየበላው ሲመጣ ፎቶውን በእጃቸው ገፋ አደረጉልኝ።

«በቃኝ። ውሰዱልኝ» አሉ።

መስታወቱን ለሙሽራው ሰጥቼ ልሄድ ስል እጄን ያዙኝ። «አንተ ደግሞ ና።»

ጎንበስ አልኩላቸው። አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ቀኝ ዓይናቸው ሁለት ጣት እስኪቀረው ድረስ አስጠጉት። ከዚያ እንደ ፎቶው ያንቀሳቅሱኝ ጀመር፤ ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ አፍንጫዬን፣ ያልተላጨ አገጬን። የቀረችው ፀሐይ አንድ ክንድ አትሞላም። እኔ ሰው የማይ እንጂ የምታይ አይደለሁም፤ የት እንደምመለከት ጠፋኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «የቀረውን ብርሃን ለምን በእኔ ላይ ያባክኑታል? ልጅዎን አይዩበትም?»

«እሷን አገኘኋት፤ ከእንግዲህ አትጠፋኝም» አሉ። «አንተ ግን ዛሬ ስትሮጥልኝ የዋልክ ሰው ነህ። ነገ መንገድ ላይ ድምፅህን ብሰማ ያለ ፊት እንዳትሆንብኝ ብዬ ነው።»

አለቀስኩ። ዳሱ ሙሉ ሰው እያየኝ፣ ያውም በጥር፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት ሆስፒታል ገቡ። ዓይናቸው አልተረፈም። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። በሐዲዱ በኩል ሳልፍ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» ስላቸው ወዲያው ወደ እኔ ዞረው ፈገግ ይላሉ። እኔም ሸሚዜን አስተካክዬ፣ ፊቴን ወደ ፀሐይ አድርጌ፣ አይተውኝ እስኪጨርሱ ድረስ ሳልንቀሳቀስ እቆምላቸው ነበር።